ቀይ ቀለም የማያየው መስታወት

ስለ ፎቶግራፍ በተወራ ቁጥር ከሚደጋገሙ ሐሳቦች አንዱ፣ ያልተነካ ፎቶ እውነቱን ይናገራል፣ እጅ የገባበት ፎቶ ግን ይዋሻል የሚለው ነው። ጉርድ ፎቶ ሊነሣ ፎቶ ቤት የገባ ሰው «እባክህ ይቺን ብጉር አጥፋልኝ» ሲል፣ እሱም ሆነ ባለሙያው ትንሽ የማጭበርበር ሥራ የሚሠሩ ይመስላቸዋል። የሙያው ታሪክ ግን ለዚህ አስተሳሰብ አይመሰክርም። በሰው ፎቶ ላይ ቆዳን ማረም፣ ዛሬ በአጭሩ ኤዲት የምንለው ሥራ፣ ሲጀመር ትልቅ ምክንያት ነበረው፤ መሣሪያው ራሱ በፊት ላይ ይፈጥር የነበረውን ስሕተት ማቃናት። ራስን አሳምሮ የማየት ፍላጎት ከመጀመሪያውም አልጠፋም፤ ሆኖም ሥራው ልኩን የሳተውና የሰዎችን ፊት አንድ ዓይነት ማድረግ የጀመረው፣ የተነሣበትን ያን ምክንያት ሲረሳ ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያም ይኸው ነው። ተፈጥሯዊ መልክ የሚባለው ሰውየው በአካል ሲታይ ያለው መልክ ነው፤ ካሜራው የቀዳው ሁሉ ተፈጥሯዊ ነው ማለት አይቻልም። የአንድ እርማት ልክ የሚታወቀውም መሣሪያው የት ላይ እንደተሳሳተ ሲታወቅ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ፎቶግራፍ ወደተጀመረበት ዘመን መመለስ ያስፈልጋል፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1839 ፓሪስ ላይ ይፋ የሆነው የሉዊ ዳጌር ዘዴ፣ በብር በተለበጠ የመዳብ ሰሌዳ ላይ አንድ ነጠላ ምስል ብቻ ይሰጥ ነበር። ሰሌዳው በቀላሉ ስለሚጫር፣ ባለሙያዎቹ ሊያደርጉ የሚችሉት ከሞላ ጎደል ጉንጭና ከንፈር ላይ የቀለም ዱቄት በስስ ብሩሽ በማኖር የተወሰነ ነበር። እንግሊዛዊው ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት በ1841 የባለቤትነት መብት ያወጣበት ዘዴ ደግሞ ኔጋቲቩን፣ ማለትም ብርሃኑና ጨለማው የተገለባበጠውን መነሻ ምስል፣ በወረቀት ላይ የሚያስቀር ነበር። ከአንድ ኔጋቲቭ ብዙ ቅጂ ማተም ተቻለ፤ ነገር ግን ብርሃኑ በወረቀቱ ቃጫ ውስጥ ስለሚያልፍ ዝርዝሩ ይደበዝዛል፣ የቆዳ ቀዳዳና ጥቃቅን ሽብሽብም አብሮ ይለሰልሳል። ዴቪድ ኦክታቪየስ ሂልና ሮበርት አዳምሰን ከ1843 ጀምሮ ኤዲንብራ ውስጥ ያነሧቸው ሰዎች ፊት ላይ እስከ ዛሬ የሚደነቀው ለስላሳነት በብዙው የመጣው ከዚህ ነው። ሁኔታው የተለወጠው በ1851 ፍሬድሪክ ስኮት አርቸር ኮሎዲዮን የተባለውን ፈሳሽ መስታወት ላይ አፍስሶ ኔጋቲቭ የመሥራትን ዘዴ ለሕዝብ ሲያሳውቅ ነው። መስታወት ቃጫ ስለሌለው ወረቀቱ ሲሸፍነው የቆየው ሁሉ ተገለጠ፤ እያንዳንዱ ጠባሳ፣ እያንዳንዱ የፈንጣጣ ምልክት፣ እያንዳንዱ የዓይን ሥር መስመር በአንድ ጊዜ ለዓይን ቀረበ።

ይሁንና ይህ ጥርት ያለ መስታወት አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት፤ ቀይ ቀለምን አያይም። በላዩ ላይ የተቀባው ኬሚካል የሚሠራው ለሰማያዊ፣ ለሐምራዊና የሰው ዓይን ለማያየው አልትራቫዮሌት ብርሃን ነበር፤ ቢጫና ቀይ ለእሱ ጨለማ ናቸው። በአካል ሲታይ እምብዛም የማይስተዋል ጠቃጠቆ ፎቶው ላይ ጠቁሮ ይወጣል። ቀላ ያለ ብጉር የጥቁር ነጥብ ያህል ጎልቶ ይታያል፤ ከንፈር ይጠቁራል፤ ሰማያዊ ዓይን ደግሞ ቀለም ያልነበረው እስኪመስል ይነጣል። በዚህ ላይ የፎቶ ቤቶቹ ብርሃን ይጨመርበታል። ብዙዎቹ በሕንጻ አናት ላይ የተሠሩ ባለመስታወት ጣሪያ ክፍሎች ስለነበሩ፣ ብርሃኑ ከላይ ሲወርድ ከቅንድብ፣ ከአፍንጫና ከከንፈር ሥር ጥላ ይጥላል፤ ተነሺው ሴኮንዶች ሙሉ ሳይነቃነቅ መቀመጥ ስላለበትም ፊቱ ይኮማተራል። እንግዲህ አንዲት የሃያ ዓመት ወጣት ፎቶዋን ተቀብላ «እኔ እንዲህ አይደለሁም» ብትል፣ ከንቱ ውዳሴ ፈልጋ ነው ብሎ መፍረድ አይገባም። እውነትም እንዲያ አልነበረችም። መስታወቱ ያየውና የሚያውቋት ሰዎች ያዩት የተለያየ ነበር።

ጉድለቱ በጠይምና በጥቁር ፊት ላይ ደግሞ ይብሳል። ቡናማ ቆዳ ከሚመልሰው ብርሃን ትልቁ ድርሻ የቀይና የቢጫው ሲሆን፣ መስታወቱ የማያየው ያንኑ ነው። በ1868 የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት አብረው የመጡት የመሐንዲስ ክፍል ወታደሮች ፎቶ ያነሡት በዚሁ ዘመን ዘዴ ነበር። በዚያው ዓመት የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ እንግሊዝ ሲደርስ፣ ጁሊያ ማርግሬት ካሜሮን ዋይት በምትባለው ደሴት ላይ ለብቻውም፣ በአገራችን ባሻ ፈለቀ ተብሎ ከሚታወቀው ከካፒቴን ስፒዲ ጋርም ያነሣችው በኮሎዲዮን መስታወት ነው። እነዚህን ምስሎች የሚያይ ሰው፣ የጠየመው ፊት ከአካሉ ይልቅ ወደ ጥቁር ያደላበት አንዱ ምክንያት ኬሚካሉ መሆኑን ማወቅ አለበት። ማንም እጁን ባያስገባባቸውም ምስሎቹ ያለ አዛቢ የተቀዱ አይደሉም፤ ያዛባው መሣሪያው ነው። የእኛን አያቶች ፊት በተመለከተ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ ምክንያቱም የዚያ ዘመን ፎቶ ለብዙ አውሮፓውያን አንባቢዎች ስለ አፍሪካውያን መልክ የቀረበ ማስረጃ ሆኖ አገልግሏል።

በኔጋቲቭ ላይ የማረም ሥራ በሰፊው የታወቀው በ1855 በተካሄደው የፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን እንደሆነ ይተረካል። የሙኒኩ ፎቶ አንሺ ፍራንዝ ሃንፍሽቴንግል አንድ ኔጋቲቭ ከመታረሙ በፊትና ከታረመ በኋላ የታተሙ ቅጂዎችን አብሮ አሳየ፤ ታዋቂው ፈረንሳዊ ፎቶ አንሺ ናዳርም ከብዙ ዓመታት በኋላ ያን ጊዜ ሲያስታውስ የአዲስ ዘመን መክፈቻ አድርጎ ቆጥሮታል። ሃንፍሽቴንግል ፎቶ አንሺ ከመሆኑ በፊት በድንጋይ ላይ እየሣለ የሚያትም ባለሙያ መሆኑ ለነገሩ ፍቺ ይሰጠዋል፤ ብርሃንና ጥላን በእርሳስ ጫፍ ማመጣጠን ለእጁ አዲስ አልነበረም። ከአንድ ዓመት በፊት በ1854 አንድሬ ዲዝዴሪ በአንድ መስታወት ላይ ስምንት ትናንሽ ፎቶዎችን የማንሣት ዘዴ አስመዝግቦ ስለነበር የፎቶ ዋጋ ወደቀ፣ ደንበኛ በዛ፣ ፎቶ ቤቶችም ተፎካካሪ ሆኑ። እርማትም ከጥበበኞች ሙከራ ወጥቶ የየዕለት ሥራ ሆነ፤ ለብዙ ሴቶችም የእንጀራ ምንጭ ሆኖ፣ ስማቸው በፎቶው ጀርባ ሳይጻፍ በየፎቶ ቤቱ ጓዳ ሲሠሩ ኖሩ።

የሥራው አካሄድ ዛሬም ሊጠና የሚገባው ነው። አራሚዋ የምትቀመጥበት ጠረጴዛ ተዳፋት ያለው ማዕቀፍ ነበር፤ መሐሉ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ የደበዘዘ መስታወት፣ ከሥሩ ደግሞ የመስኮቱን ብርሃን ወደ ላይ የሚመልስ መልክ ማያ መስታወት አለ። ኔጋቲቩ ለስላሳ ገጽ ስላለው እርሳስ አይዝለትም፤ ስለዚህ በተርፔንታይን የሟሟ ሙጫ በስሱ ይቀባበታል። ኔጋቲቭ ላይ ጨለማው ብርሃን፣ ብርሃኑ ጨለማ በመሆኑ፣ ፊት ላይ የጠቆረች ነጥብ እዚያ ላይ ገርጥታ ትታያለች። አራሚዋ ያቺን የገረጣች ቦታ ጫፉ ረዝሞ በተሞረደ ጠንካራ እርሳስ ስትሞላት፣ በሚታተመው ፎቶ ላይ ነጥቧ ዙሪያዋን ትመስላለች። በተቃራኒው አንድ ቦታ ከልክ በላይ አብርቶ ከሆነ ገጹን በስለታም ቢላ እጅግ በስሱ ትፍቃለች። እርሳሱ የሚሄደው በረጅም መስመር ሳይሆን በነጠብጣብና በጥቃቅን ጭረቶች ነው፤ ምክንያቱም ቆዳ ራሱ ወጥ ገጽ የለውም። አንድ ጠቃጠቆ የሚሞላው ከዙሪያው እስኪተካከል ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ነጭ ጠባሳ ይሆናል። የግንባር ሽብሽብ ጥልቀቱ ይቀነሳል እንጂ አይደፈንም፤ ጥላው ሲጠፋ አጥንቱም ቅርጹን ያጣልና። የጉንጭ አናት ላይ ያለው ወዝም እንዲሁ መቅረት አለበት፤ ብርሃኑ ሁሉ ከተስተካከለ ፊቱ ክብነቱን አጥቶ ወረቀት ላይ ይተኛል። ይህ ጥንቃቄ የተሞላበት አሠራር የራሱ የሆነ ሥነ ምግባር ነበረው፤ መሣሪያው ያጋነነውን ወደ ልኩ መመለስ፣ የሰውየው የሆነውን ለሰውየው መተው።

ልኩን መጠበቅ ግን ከባድ ሆነ። እርሳስ የያዘ እጅ የጠቃጠቆውን ስሕተት ካቃና በኋላ እዚያው እንዲቆም የሚያስገድደው ነገር አልነበረም። ከጎኑ ያለው ፎቶ ቤት ደንበኛውን በአሥር ዓመት ወጣት አድርጎ ካወጣው፣ ይኸኛው ቤት በአምስት ዓመት ብቻ ቢወሰን ገበያ ያጣል። ስለዚህ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ብዙ ፎቶ ቤቶች የሚያወጡት ፊት ዕድሜም ታሪክም የሌለው ሆነ። ተቃውሞውም ጠነከረ። ፒተር ሄንሪ ኤመርሰን በ1889 ስለ ተፈጥሯዊ ፎቶግራፍ ባሳተመው መጽሐፉ እርማትን ከሥሩ አወገዘ፤ በእሱ አመለካከት እርማት ፎቶውን ወደ መጥፎ ሥዕል የሚቀይር ድርጊት ነው። ከእሱ ቀደም ብላ ካሜሮንም ከፎቶዎቿ ሥር በሕይወት ካለ ሰው የተነሣ መሆኑን እየጻፈች፣ ጭረቱንና የኬሚካሉን እድፍ ሳታጸዳ ለሕዝብ ታቀርብ ነበር፤ የዘመኑ ፎቶ አንሺዎች ሥራዋ ንጽሕና የጎደለው ነው ብለው ቢነቅፏትም ከአቋሟ አልተነቃነቀችም።

የነኤመርሰን ተቃውሞ ክብደት ያለው ነው፤ ስለ ፎቶ ቤቶቹ የተናገሩትም በአብዛኛው ልክ ነበር። መደምደሚያቸው ግን ከማስረጃቸው አልፎ ሄደ። የበዛ እርማት ፊትን ያጠፋል ማለት፣ ያልታረመ ሁሉ ፊትን ያድናል ማለት አይደለም። ካሜሮን ራሷ ሌንሷን ሆን ብላ ለስለስ አድርጋ ታስተካክል ነበር፤ የቆዳው ዝርዝር ገና ከመነሻው፣ መስታወቱ ላይ ሳይደርስ ለስልሷል ማለት ነው። አንዳንድ ኔጋቲቮቿንም ራሷ በእጇ ፍቃቸዋለች። ኤመርሰንም ቢሆን የሰው ዓይን ሁሉንም ነገር እኩል አጥርቶ አያይም በሚል ምክንያት የምስሉን ከፊል ማደብዘዝ ይገባል ብሎ ያስተምር ነበር። ሁለቱም የፊትን መልክ ወስነዋል፤ የወሰኑት ግን በእርሳስ ፈንታ በሌንስ ነው። ውሳኔው ፎቶው ከመነሣቱ በፊት ቢሆን ንጹሕ፣ ከተነሣ በኋላ ቢሆን ኃጢአት የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም። መጠየቅ ያለበት ውሳኔው ወደ ሰውየው አቀረበን ወይስ ከሰውየው አራቀን የሚለው ነው።

መሣሪያው እየተሻሻለ ሲሄድ እርማት ይቀንሳል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። ጀርመናዊው ኸርማን ቪልኸልም ፎገል በ1873 ማቅለሚያ በመጨመር መስታወቱን ለሌሎች ቀለሞች ማንቃት እንደሚቻል ደረሰበት፤ በ1906 ደግሞ ቀይን ጨምሮ ሁሉንም ቀለም የሚያይ መስታወት እንግሊዝ ውስጥ ለገበያ ቀረበ። ጠቃጠቆን የሚያጠቁረው የድሮው ምክንያት በዚህ መልስ አገኘ። የእርሳሱ ሥራ ግን ቀጠለ፣ ጭራሽም በረታ። ጆርጅ ኸሬል በ1931 አካባቢ የፊልም ተዋናይዋን ጆአን ክሮፎርድን ያነሣበት ፎቶ ከመታረሙ በፊትም ከታረመ በኋላም ያለው ቅጂ ዛሬ ይገኛል፤ በመጀመሪያው ፊቷ በጠቃጠቆ የተሞላ የአንዲት ሴት ፊት ነው፣ በሁለተኛው ጠቃጠቆው በሙሉ ጠፍቶ ገጹ ለስልሷል። በሶቪየት ኅብረትም በልጅነቱ ፈንጣጣ የያዘው የስታሊን ፊት ጠባሳው ተደፍኖ ለሕዝብ ይቀርብ ነበር። በሁለቱም ቦታ መስታወቱ አልተሳሳተም፤ የታረመው ሰውየው ነው። እርማት የመሣሪያውን ስሕተት መከተሉን ትቶ ለገበያና ለሥልጣን ሲያድር የሚሆነው ይህ ነው።

መሣሪያው ስሕተት የሌለው ሆነ ማለትም አይደለም፤ ስሕተቱ ቦታ ቀየረ። በአገራችን ፎቶግራፍን ሙያ አድርገው ከተከሉት መካከል፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የሆነው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና እስከ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሙያውን ይዘው የቀጠሉት ልጆቹ ይጠቀሳሉ። እነሱም ሆኑ ከእነሱ በኋላ በአዲስ አበባ የተከፈቱት ፎቶ ቤቶች ይሠሩበት የነበረው ዕቃ ከውጭ የሚገባ፣ ለሌላ ሕዝብ ቆዳ ታስቦ የተዘጋጀ ነበር። የቀለም ፊልም ሲስፋፋ ይህ ግልጽ ሆነ። ከሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ ኮዳክ ለማጠቢያ ቤቶች የሚልከው የቀለም ማመሳከሪያ ካርድ የአንዲት ነጭ ሴት ፎቶ ነበር፤ ከመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች በአንዷ ስም ሸርሊ ካርድ ይባላል። የእሷ ቆዳ ካማረ ቀለሙ ልክ ነው ተብሎ ይታተማል። ከነጭ አጠገብ የተቀመጠ ጥቁር ሰው ፊቱ ዝርዝሩን አጥቶ ዓይንና ጥርስ ብቻ ሆኖ ቢወጣ፣ ጉድለቱ የፊልሙ መሆኑ ቀርቶ የተነሺው ቆዳ ይመስል ነበር። ካናዳዊቷ ተመራማሪ ሎርና ሮት ያነጋገረቻቸው የኮዳክ የቀድሞ ሠራተኞች እንደገለጹት፣ ኩባንያው ቡናማ ቀለሞችን ለማሻሻል ከተነሣሣባቸው ምክንያቶች መካከል የቤት ዕቃና የቸኮሌት አምራቾች አቤቱታ ይገኝበታል። የእንጨትና የቸኮሌት ቡናማ ከሰው ቡናማ ቀድሞ ጆሮ ማግኘቱ፣ መሣሪያን ገለልተኛ ነው ብሎ መቀበል ምን ያህል እንደሚያስከፍል ያሳያል። በዚያ ፊልም የተነሣን የጠይም ሰው ፊት ሲያትም ብርሃኑን ከፍ አድርጎ ዝርዝሩን ያወጣ ባለሙያ ፎቶውን አላዛባም፤ የተዛባውን አቃና።

ዛሬ ሥራው ወደ ኮምፒውተር ዞሯል። ቶማስና ጆን ኖል የተባሉ ወንድማማቾች የፈጠሩት ፎቶሾፕ በ1990 ለገበያ ሲቀርብ ጠረጴዛውንና እርሳሱን ተካ፤ በ2002 የተጨመረበት የማዳኛ ብሩሽ ደግሞ የአንድን ቦታ ገጽ ከሌላ ቦታ ብርሃንና ቀለም ጋር የማዋሐድ ችሎታ ነበረው። ቆየት ብሎ በባለሙያዎች ዘንድ የተለመደው አሠራር ፎቶውን በሁለት ይከፍለዋል፤ በአንዱ ንብርብር የቆዳው ቀዳዳና ጸጉር፣ በሌላው ብርሃኑና ቀለሙ ይቀመጣል። እንዲህ ሲሆን የቀላ ወይም ማድያት ያለበትን ቦታ ቀለም ማመጣጠን ይቻላል፣ የቆዳው ገጽም ሳይነካ ይቀራል። ይህ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት አራሚዋ በነጠብጣብ ትከተለው የነበረው ሕግ ነው። በአንጻሩ የስልክ ካሜራ፣ ባለቤቱ ምንም ሳያዘው፣ ፊትን ለይቶ የሚያለሰልስበት ጊዜ አለ። እዚህ ላይ «የተነካ» እና «ያልተነካ» የሚለው ክፍፍል ጨርሶ ትርጉም ያጣል፤ ማንም ያልነካው ፎቶ ከሁሉም በላይ የተለሰነ ሊሆን ይችላልና።

መንግሥታትም ነገሩን በሕግ ለመያዝ ሞክረዋል። እስራኤል በ2012፣ ፈረንሳይ በ2017 የሞዴሎች ሰውነት ቀጥኖ ወይም ቅርጹ ተቀይሮ የሚታይበት ማስታወቂያ መታረሙን የሚገልጽ ጽሑፍ እንዲኖረው አዘዋል፤ ኖርዌይ በ2021 ያጸደቀችው ሕግ ቆዳንም ይጨምራል። ወጣቶችን ከማይደረስበት መልክ ጫና ለመጠበቅ የታሰበ በመሆኑ ዓላማው ይደገፋል። በተለይ የሰውነትን ቅርጽ መቀየር የትኛውንም የመሣሪያ ስሕተት ስለማያቃና፣ መታወጁ ተገቢ ነው። በቆዳ ላይ ግን ማሳወቂያው የጠለቀውን ጥያቄ አይመልስም። ፍላሽ ያጋነነውን ወዝ ያበረደም፣ የአንዲትን እናት የስልሳ ዓመት ፊት የሰረዘም በአንድ ቃል «ታርሟል» ይባላሉ። አንባቢው የሚያስፈልገው ግን በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት የማየት ዓይን ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ ከደንበኛው የሚመጣው ነው፤ ፊቱ የእኔ፣ ገንዘቡም የእኔ፣ እንዴት መታየት እንዳለብኝ ሌላው ለምን ይወስንልኛል? መብቱ የማይካድ ነው። ብጉር፣ የምላጭ ጭረት፣ የእንቅልፍ ማጣት የዓይን ሥር ጥቁረት በሳምንት የሚሄዱ ነገሮች ስለሆኑ፣ ለዓመታት በሚቀመጥ ፎቶ ላይ ባይቀሩ የሰውየውን እውነት አያጎድሉም። የልደት ምልክት፣ የቆየ ጠባሳ፣ በግንባር ላይ ያለ የመስቀል ንቅሳት፣ የአንገት ንቅሳት ግን የሌላ ወገን ናቸው። ስለ ባህሉ የማያውቅ እጅ ወይም ፕሮግራም ንቅሳቱን እንደ ቆሻሻ ቢቆጥረው፣ የሚጠፋው ሴትዮዋን ከእናቷና ከአገሯ ጋር የሚያገናኛት ምልክት ነው። ባለቤቷ አውቃና አስባ «ይውጣልኝ» ካለች ውሳኔው የእሷ ነው፤ ሳትጠየቅ ሲጠፋባት ግን መብቷ ተነጠቀ እንጂ አልተከበረም። የቆዳን ቀለም ማቅላትም እንዲሁ ነው። የጠይም ፊት ዝርዝሩ እንዲታይ ብርሃን መስጠት አንድ ነገር ነው፤ ጠይሙን ቀይ ማድረግ ደግሞ የድሮው የሸርሊ ካርድ ስሕተት እንደ ውበት ሆኖ መመለሱ ነው። ደንበኛው ይህን ሲጠይቅ ባለሙያው ቢያንስ ልዩነቱን ሊያሳየው ይገባል፤ ምርጫ የሚሆነው አማራጩ ሲታይ ነውና።

ስለዚህ የፎቶ እርማት ታሪክ የሚያስተምረን መለኪያ ቀላልና ጥብቅ ነው። ባለሙያው ብሩሹን ከማንሣቱ በፊት ሁለት ጥያቄ ይመልስ፤ እዚህ ቦታ ላይ የተሳሳተው መሣሪያው ነው ወይስ እኔ ያልወደድኩት ሰውየውን ነው? ይህ ምልክት የዛሬ ነው ወይስ የዕድሜ ልክ? መሣሪያው ከተሳሳተ ማቃናት ግዴታው ነው፤ ጊዜያዊ ከሆነ ማንሣቱ ፈቃዱ ነው፤ የሰውየው ከሆነ ግን ያለ ባለቤቱ ቃል አይነካም። ይህን ለመመለስ ስለ ብርሃን፣ ስለ ሌንስና ስለ ቆዳ ማወቅ፣ ከዚያም በላይ ከፊት ለፊት የተቀመጠውን ሰው በዓይን ጠግቦ ማየት ያስፈልጋል። በየፎቶ ቤቱ ጓዳ ስማቸው ሳይጻፍ ያለፉት አራሚዎች ምርጦቹ ይህን ያውቁ ነበር። ዛሬ በአንድ ንክኪ የሚሠራ መሣሪያ በእያንዳንዳችን እጅ በገባበት ጊዜ፣ ያ ዕውቀት ከፎቶ ቤት ወጥቶ የሁላችንም መሆን አለበት።